የድሮ ፒንቦል ማሽን ሲደክም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቺካጎዎቹ ኩባንያዎች ጎትሊብ፣ ባሊና ዊሊያምስ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የሠሯቸው ፒንቦሎች (በተዘነበለ ሰሌዳ ላይ ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡባቸው ማሽኖች) ኮምፒውተር የላቸውም፤ ሁሉን ነገር የሚያከናውኑት በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በሞተርና በብዙ ኮንታክቶች (ሲነካኩ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፉ፣ ሲለያዩ በሚያቋርጡ ነጥቦች) ነው። ለዓመታት ምድር ቤት የተቀመጠ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ተቃጥሎ ሳይሆን ቆሽሾና ግራሶው ደርቆ ስለሆነ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱን ነቅለው የመጫወቻውን ሰሌዳ ያንሱና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ።

ፍሊፐሩ ኳሷን እስከ ላይ አያደርስም

ፍሊፐር፣ ማለትም ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ተነሥቶ ኳሷን የሚመታው ክንድ፣ በ1947 ጎትሊብ ባወጣው ሃምፕቲ ደምፕቲ በተባለ ማሽን ከተዋወቀ ወዲህ ፒንቦል የዕድል ብቻ ሳይሆን የእጅ ጨዋታ ሆኗል፤ ስለዚህ ይህን ችግር ከሁሉ አስቀድሜ እመለከታለሁ። ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በውስጡ ያለውን ብረት የሚስብ ጥምጥም) ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ ወፍራሙ ኳሷን ለመምታት፣ ቀጭኑ ደግሞ ፍሊፐሩን ከፍ እንዳለ ለመያዝ። ፍሊፐሩ ተነሥቶ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ኮንታክት ተዘግቶ ስለሚቆይ ኃይሉ ሁሉ በወፍራሙ ያልፋል። የዚህ ኮንታክት ነጥቦች ጠቁረው ከሆነ ግን ኮይሉ ገና ከመጀመሪያው በቀጭኑ ሽቦ ጭምር ስለሚሠራ ምቱ ይዝላል። ነጥቦቹን በደቃቅ ሞረድ ቀስ ብለው ያጽዱ። ድካሙ ካልለቀቀ በኮይሉ ውስጥ ያለው ብረት የሚመላለስበት ቱቦ ተበልቶ፣ ወይም የብረቱ ጫፍ ከብዙ ምት የተነሣ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦውን በአዲስ ናይለን ይለውጡ፣ ጫፉን ይሞርዱ። ዘይት ግን ፈጽሞ አይቀቡት፤ አቧራ ሰብስቦ ይለጠፋል።

ኮይሉ ይግላል፣ የቃጠሎ ሽታ አለው፣ ፊውዝ ይቆርጣል

ከላይ ያየነው የፍሊፐሩ ኮንታክት ፍሊፐሩ ሲነሣ አይከፈትም ማለት ነው። ፍሊፐሩን በእጅ ሙሉ በሙሉ አንሥተው በነጥቦቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት እስኪታይ ነጥቦቹን የያዘውን ስስ ላሜራ ያስተካክሉ። ከፍ ያለ ፊውዝ መተካት ማሽኑን ለእሳት መዳረግ ነው።

ጨዋታ ሲጀመር ሞተሩ መዞሩን አያቆምም

ከነጥብ ቆጣሪዎቹ አንዱ ዜሮ ላይ መድረሱን ማስታወቅ አቅቶታል። የቆመውን ቆጣሪ ይለዩ፤ የደረቀውን ግራሶ በአልኮል ያስለቅቁ፤ ኮንታክቱንም አልኮል በነካ ጠንካራ ወረቀት ይጥረጉ።

ጨዋታው እንደ ድሮው አይደለም

ኳሷ የምትንቀራፈፍ ከሆነ መጀመሪያ ዝንባሌውን ይለኩ፤ የዚያ ዘመን ማሽን 3.5 ዲግሪ ገደማ ሲበቃው፣ ከኋላው የመጡት ወደ 6.5 ይጠጋሉ። ዝገት የጀመራትን ኳስ ያለ ማመንታት ይለውጡ፤ ሰሌዳውን ትቧጭራለች። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቅር ካልዎት ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የትዝታዎ የሚለየው በደንብ የተያዘ ማሽን ላይ በመጫወት ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ የሚገኘው የፓሲፊክ ፒንቦል ሙዚየም አንድ ጊዜ መግቢያ ከፍለው ያለ ሳንቲም የሚጫወቱበት፣ የየዘመኑን ማሽን ጎን ለጎን የሚያገኙበት ቦታ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። የእርስዎን ማሽን ዘመን እኩያ ፈልገው የፍሊፐሩ ምት ኳሷን የት ድረስ እንደሚያደርሳት ያስተውሉ፤ የቤትዎም እዚያው የሚያደርስ ከሆነ ጤነኛ ነውና ሌላ ነገር አይንኩበት።