የስኮትላንድ ቅድመ አያቶችን ለምትፈልጉ
የዘር ሐረጋችሁ ወደ ስኮትላንድ የሚመዘዝ ከሆነ፣ በድሮ የቀብር መዝገብ ውስጥ ሴቶችን በባላቸው ስም ብቻ አትፈልጉ። እዚያ ያገባች ሴት በአባቷ ቤተሰብ ስም መመዝገቧ የተለመደ ነበር። የመቃብር ድንጋዩም ላይ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

የመንግሥት የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1855 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 1860 ያሉት መዝገቦች ሟቹ የት እንደተቀበረ ጭምር ስለሚናገሩ መጀመሪያ እነሱን እዩ። ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ።

ከዚያ በፊት ያለው ግን የደብር መዝገብ ነው፤ ብዙ ጎዶሎ አለው። አንዳንዴ የምታገኙት የጨርቅ ኪራይ ሒሳብ ብቻ ነው። ደብሩ የሬሳ ሣጥን የሚሸፈንበትን ጨርቅ ያከራይ ነበር፣ ክፍያውም ይጻፋል። ሒሳብ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት! የአያታችሁ ብቸኛ ምልክት እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ መቃብር ካገኛችሁ ደግሞ የአካባቢውን ካውንስል የ"ሌር" መዝገብ ጠይቁ። ሌር የሚሉት የመቃብር ቦታውን ነው። እዚያው አብረው የተቀበሩት በስም ሊወጡ ይችላሉ፤ ድንጋዩ ላይ ስማቸው ያልተቀረጸ ሕፃናት ሳይቀሩ።