ቦይለሩንና ፋኑን ከማስነሳታችሁ በፊት

ሆቴሉ አምስት ወር ተዘግቶ ከርሟል። ጊዜው ነሐሴ 2012 ነው፤ ወረርሽኙ የአዲስ አበባን ሆቴሎች ባዶ ያስቀረበት ዓመት። ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። «ማሽኖቹን ማንም አልነካቸውም፤ መጥተህ አስነሳልን በቃ» አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ይኸው «ማንም አልነካቸውም» የሚሉት ነገር ነው። አምስት ወር ሰው ያልነካውን ማሽን ዝገት ይነካዋል፣ እርጥበት ይነካዋል፣ አይጥ ይነካዋል።

የዚያን ሦስት ቀን ሥራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምጽፈው ሕንፃ ጥገና ላይ ላላችሁ ነው። ኤሌክትሪክ ያልተማረ ሰው ፓነል ይክፈት አልልም።

መጀመሪያ መብራቱን መቁረጥ። ብዙ ሰው የመስመሩን ዋና ብሬከር ያወርድና «ጠፍቷል» ይላል። ጄኔሬተሩስ? አውቶማቲክ ከሆነ መብራት የሄደ መስሎት በራሱ ይነሳል፤ እጃችሁ ፋኑ ውስጥ እያለ ማለት ነው። እኔ የምቆርጠው እዚያው ሞተሩ አጠገብ ካለው ማጥፊያ ነው። ጓጉንቸር ቆልፌበት ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ። ካርቶን ላይ «ሰው እየሠራ ነው፤ እንዳትነኩ» ብዬ አንጠለጥላለሁ። መብራት ጠፋ ብሎ ሊረዳችሁ የሚሮጥ ደግ ሰው መቼም አይጠፋም። ቴስተሩንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ሞክሩት፣ ከዚያ ሞተሩ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ሶኬቱ ላይ። ባትሪ የጨረሰ ቴስተር ያገኘውን ሽቦ ሁሉ መብራት የለውም ይላችኋል።

ከዚያ ወደ ፋኑ። የወጥ ቤቱን ጭስ የሚስበው ፋን ጣሪያ ላይ ነው። ሽፋኑን ስከፍተው አይጥ የሆቴሉን ናፕኪን ቦጫጭቃ ጎጆዋን ሠርታለች፤ ጥልፉ ሳይቀር ይታያል። አጸዳሁና በእጄ አዞርኩት። በእጅ ሲዞር ድምፅ ማሰማት የለበትም። የመፋጨት ድምፅ ካለ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ሞተሩን ከፋኑ የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ቺንጋው በሚዞርባቸው በሁለቱ ፑሌጃዎች መሃል 60 ሳንቲ ሜትር ካለ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረግብ ደግ ነው። የእኛው ሦስት ረገበ፤ ዳርና ዳሩም ተሰነጣጥቋል። ቀየርነው። ፊልተር ማጠብ ለማንም አይጠፋውም፤ አልፈዋለሁ።

ክረምት ስለነበር የሞተሮቹን የሽቦ ጥቅል በሜገር ለካሁ፤ የሽቦው ሽፋን መብራት ማሾለክ አለማሾለኩን የሚለካ መሣሪያ ነው። ከአንድ ሜጋ ኦም በታች ካነበበ አላስነሳም። አንዱ 0.4 አለ። ክዳኑን ከፍተን ሞቅ ያለ አየር ስንነፋበት ውለን፣ ማታ ላይ 20 አለፈ። እንደዚያው ብናስነሳው ኖሮ ተቃጥሎ ነበር፤ ለማስጠቅለል ስንት እንደሚጠይቁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ አቅጣጫው። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የሦስት ፌዝ ሞተር መብራት የሚመጣለት በሦስት ሽቦ ነው፤ ከነዚህ ፌዞች ሁለቱ ከተቀያየሩበት ወደ ኋላ ይዞራል። ሠፈር ውስጥ ትራንስፎርመር ሲቀየር ወይም ኬብል ተቆርጦ ሲቀጠል ይህ ይደርሳል። እና ማንም አያውቅም! ምክንያቱም የጭስ ማውጫ ፋን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቤት ያለው ዓይነት ነው። ይህ ፋን ወደ ኋላ ሲዞርም ንፋሱን የሚያወጣው በዚያው በመውጫው ነው። መጠኑ ብቻ በጣም ይቀንሳል። እጃችሁን ብትደቅኑ ንፋስ አለ። ወጥ ቤቱ ግን በጭስ ታፍኗል።

አንድ ምግብ ቤት በዚህ ነገር ሦስት ወር ተሰቃይቷል። ፊልተር ተቀየረ፣ ጭሱ የሚያልፍበት ዳክት ተፈቶ ታጠበ፣ ጭራሽ ትልቅ ሞተር ይገዛ ተብሎ ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። እኔም ያኔ አብሬ አጥቤያለሁ፤ ጥላሸቱ ከጥፍሬ ሳምንት አልለቀቀም። በመጨረሻ አንዱ ልጅ የፋኑ ቤት ላይ ያለችውን ቀይ ቀስት በጨርቅ ጠርጎ «ይሄ ነገር በተቃራኒው እየዞረ አይደል እንዴ?» አለ። ሁለት ሽቦ አቀያየርን። አለቀ።

ስለዚህ ሽፋኑ ተገጥሞ፣ ሰው ርቆ፣ ለሁለት ሰከንድ አብርታችሁ አጥፉ። ቀስ እያለ ሲቆም አቅጣጫውን ከቀስቱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ በጄኔሬተርም ድገሙት፤ የመስመሩ ልክ ሆኖ የጄኔሬተሩ የተገለበጠበት ሕንፃ አጋጥሞኛል። አንድ ሞተር ብቻ ከተገለበጠ እዚያው ሞተሩ ላይ ነው የሚቀየረው። ሁሉም ከተገለበጡ ግን አንድ በአንድ አትልፉ፤ ከመግቢያው አስተካክሉ። የዚህ ሆቴል ሁሉም ተገልብጠው ነበር።

ሲነሳ ሦስቱንም ፌዝ ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው ክላምፕ ለኩ። ሞተሩ ላይ በተለጠፈችው ሰሌዳ 8.2 አምፔር ይላል፤ እኔ ያነበብኩት 6.3፣ 6.4፣ 6.2። ሦስቱ መቀራረባቸው ነው ዋናው። አንዱ ዜሮ ከሆነና ሞተሩ እያጉረመረመ ከቆመ ወዲያው አጥፉ፤ ፌዝ ጎድሏል፣ ይቃጠላል። ከሰሌዳው ማነሱ ግን አያስደንግጣችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ የሚሸከመው ይቀለዋል። ቺንጋ ሲንሸራተትም አምፔር ይቀንሳልና እሱን ግን ቀድማችሁ እዩ።

የሆቴሉን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ደግሞ ምድር ቤት ነው፤ የሚሠራው በናፍጣ ነው። መጀመሪያ ውሃ። ሳይሞቅ የግፊት ጌጁ 1.5 ባር አካባቢ አለ፤ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ 3 ባር ነው። አየሩን አስተነፈስን፣ ፓምፑን አዞርን። ውሃ ሲጎድል በርነሩን፣ ማለት ናፍጣ እየረጨ የሚያነደውን ክፍል፣ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ መሥራቱን ሞከርን። በመጨረሻ በርነሩን አስነሳን። ሲነሳ ከበሩ ፊት አትቁሙ፤ ወደ ጎን ቁሙ።

በርነሩ ቀይ አብርቶ ቢቆምስ? ልጅ እያለሁ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በርነሩን እንደገና የሚያስነሳውን ቁልፍ፣ ሪሴቱን፣ ሁለቴ ተጭኜ ሦስተኛውን ልጭን ስል፣ ጋሼ የምንላቸው የቦይለር ሠራተኛ እጄን ያዙኝ። «ተው! ለምን እንደቆመ ሳታውቅ?» ብለው በሩን ከፈቱት። ማንደጃው ወለል ላይ ናፍጣ ተጠራቅሟል። በእያንዳንዱ ሪሴት እኔው ነኝ የረጨሁት። ሦስተኛው ላይ ቢቀጣጠል በሩ ፊቴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከዚያ ወዲህ አንዴ እጫናለሁ። እምቢ ካለ ናፍጣውን ዘግቼ፣ ማንደጃውን አይቼ፣ ምክንያቱን እፈልጋለሁ።

ጥቁር ጭስ ካወጣም ከፍታውን ጠርጥሩ። በርነሩ ቆላ ላይ ባለ ፋብሪካ ተስተካክሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ አየር ለዚያ ሁሉ ናፍጣ አይበቃም። አየር ማስገቢያው ሰፋ ይላል፣ ካልበቃ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል በአነስተኛ ይቀየራል። በዓይን ግምት ግን አይሁን። የጭስ መለኪያ ያለው ባለሙያ ጥሩ፤ ኦክስጅኑን ከ3 እስከ 5 በመቶ ያመጣላችኋል። የሙቅ ውሃ ታንከሩንም 60 ዲግሪ አድርሱና በየክፍሉ ቧንቧውን ክፈቱ፤ ወር የተኛ ውሃ ባክቴሪያ ያበቅላል።

ሁሉም ለብቻው ሠራ። ሥራ አስኪያጁ «ጨረስክ?» አለኝ። አልጨረስኩም። አንድ ላይ ሲሠሩ አላየኋቸውማ።

የወጥ ቤቱ ፋን በሙሉ አቅሙ ሲስብ ያንን ያህል አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። መግቢያ ካጣ የቦይለሩን ጭስ ማውጫ ቁልቁል ይስበዋል። በከሰል ጭስ ታፍነው ያደሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ ነገሩ ያው ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ስለዚህ በሮቹን ሁሉ ዘጋሁ፣ ፋኖቹን ሁሉ አስነሳሁ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ሰንደል ለኩሼ የቦይለሩ ጭስ ማውጫ ላይ ካለችው የአየር መሳቢያ በር አጠገብ ያዝኩት። የናፍጣ ፍሳሽ ካለ ግን ሰንደሉን እንዳታስቡት።

ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። ወደ እኔ መጣ።

በርነሩን አጥፍቼ በሩን ከፈትኩና የአየር መግቢያውን ፍለጋ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቋል። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ዝናብ ሲገባ እኔ ነኝ የወተፍኩት፤ ለምን እንደሆነ ማን ነገረኝ?» አለ። እውነቱን ነው። ከረጢቱን አውጥተን ከውጭ በኩል ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሠራንለት። የወጥ ቤቱን ንጹሕ አየር ማስገቢያ ፋንም ከጭስ ማውጫው ጋር አብሮ እንዲነሳ አገናኘሁት። ሰንደሉን እንደገና ለኮስኩ፤ ገባ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም አስገጠምን። ከቀዳዳው በላይ በትልቁ በቀይ ቀለም «ይህ ቦይለሩ የሚተነፍስበት ነው፤ አይደፈን» ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው አንብቦት «ይኸው፣ እንዲህ ብትሉን ኖሮ» አለኝ።