የፔንሲዮን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲሸጋገር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የኖርማላይዜሽን ስህተቶች

በጎንደር የጥምቀት በዓል ሲቃረብ አልጋ ለማስያዝ የሚደውለው እንግዳ ይበዛል። ምዝገባውን በደብተር ወይም በአንድ የኤክሴል ገጽ የሚይዝ የፔንሲዮን ባለቤት በዚህ ወቅት አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው ሰጥቶ ወይም የአንድን አስጎብኚ ስልክ በተለያየ ቁጥር ተጽፎ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ወደ ዳታቤዝ ለመሸጋገር ቢወስን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በደብተሩ ላይ የነበረው ድግግሞሽ በንድፉ ካልተወገደ ኮምፒዩተሩ ውስጥም ይገባል። እያንዳንዱ መረጃ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ ሠንጠረዦችን የማደራጀት ሥርዓት ኖርማላይዜሽን ይባላል፤ መሠረቱን የጣለው የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የትኛው መረጃ የትኛውን እንደሚወስን የሥራውን ባለቤት ሳይጠይቁ ሠንጠረዥ መከፋፈል መጀመር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ደብተሩን እንዳለ መገልበጥ ነው። የእንግዳው ስም፣ ስልኩ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የክፍሉ ደረጃ፣ ዋጋው፣ የአስጎብኚው ስምና ስልክ በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጡ ሦስት ችግሮች ይከተላሉ። አስጎብኚው ስልኩን ሲቀይር ስሙ ያለባቸው ረድፎች ሁሉ መታረም አለባቸው፤ አንዱ ከተዘለለ የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ ከሠንጠረዡ ማወቅ አይቻልም። አዲስ የተሠራ ክፍል ደግሞ እንግዳ እስኪያርፍበት ድረስ የሚመዘገብበት ቦታ የለውም። አንድ አስጎብኚ የተጠቀሰበት ብቸኛ ምዝገባ ሲሰረዝም ስልኩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንግዶች፣ ክፍሎች፣ አስጎብኚዎችና ምዝገባዎች የየራሳቸው ሠንጠረዥ ሊኖራቸው ይገባል።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ነገር ማጨቅም የተለመደ ነው። እንግዳው ሊጎበኛቸው የሚፈልጋቸው ቦታዎች «ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም» ተብለው በአንድ ዓምድ ሲጻፉ፣ ቁስቋምን የሚጎበኙትን ብቻ መቁጠር አስቸጋሪ ይሆናል። «ቦታ አንድ»፣ «ቦታ ሁለት»፣ «ቦታ ሦስት» የሚሉ ዓምዶችን መደርደርም መፍትሔ አይደለም፤ አራተኛ ቦታ የሚፈልግ እንግዳ የመጣ ዕለት ንድፉ ይፈርሳል። ለእያንዳንዱ ምዝገባና ቦታ አንድ ረድፍ የሚይዝ ሌላ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ዘንድም ስለሚታይ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ምዝገባ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎችን ሊይዝ ስለሚችል፣ የትኛው ምዝገባ የትኛውን ክፍል እንደያዘ የሚያሳየው የክፍል ምደባ ሠንጠረዥ ቁልፉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው፣ የምዝገባው ቁጥርና የክፍሉ ቁጥር በጥምረት ነው። በዚሁ ሠንጠረዥ የክፍሉ ደረጃ ቢጻፍ፣ ደረጃውን የሚወስነው የክፍሉ ቁጥር ብቻ እንጂ ጥምሩ ስላልሆነ ሁለተኛው ኖርማል ፎርም፣ ማለትም ቁልፍ ያልሆነ መረጃ በቁልፉ ከፊል ብቻ እንዳይወሰን የሚጠይቀው የኖርማላይዜሽን እርከን፣ ይጣሳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚያደርጉት፣ ራሱ የሚቆጥር መለያ ቁጥር ጨምረው ያንን ዋና ቁልፍ ማድረግና «ቁልፉ አንድ ዓምድ ብቻ ስለሆነ ከፊል ጥገኝነት (በቁልፉ ከፊል ብቻ መወሰን) ሊኖር አይችልም» ብሎ መደምደም ነው። ድምዳሜው ትክክል አይደለም። ደንቡ የሚመለከተው ዋና ተብሎ የተመረጠውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ቁልፍ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ነው፤ የሁለቱ ቁጥሮች ጥምረት አሁንም ረድፉን ለይቶ ያሳውቃል፣ ደረጃውም አሁንም በየረድፉ ይደጋገማል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ጥምረቱ ልዩ መሆን እንዳለበት ለዳታቤዙ ካልተነገረው አንዱ ክፍል በአንዱ ምዝገባ ሁለት ጊዜ ሊገባ መቻሉ ነው። መለያ ቁጥሩ ቢኖር ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ጥምረቱ እንዳይደገም የሚከለክል ገደብ መጣል፣ ደረጃውንም ወደ ክፍሎች ሠንጠረዥ መውሰድ ግድ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የሚያካትተው አገልግሎት፣ ለምሳሌ ቁርስ ይኑረው አይኑረው፣ በተራው ወደ ደረጃዎች ሠንጠረዥ መሄድ አለበት፤ ቁልፍ ያልሆነ መረጃ በሌላ ቁልፍ ባልሆነ መረጃ እንዳይወሰን የሚከለክለው ሦስተኛው ኖርማል ፎርም የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ጥገኝነትን፣ ማለትም የትኛው መረጃ የትኛውን እንደሚወስን፣ ካለው መረጃ ብቻ ለማወቅ መሞከር ሌላው ትልቅ ስህተት ነው። የኅዳርንና የታኅሣሥን ምዝገባዎች ብቻ የተመለከተ ሰው፣ አንድ ደረጃ ያላቸው ክፍሎች ሁሉ አንድ ዋጋ እንዳላቸው አይቶ «ዋጋውን የሚወስነው ደረጃው ነው» ይላል። ጥር ሲገባ ግን የበዓሉ ዋጋ ይመጣና ንድፉ አይሠራም። ዋጋውን የሚወስኑት ደረጃውና ወቅቱ አንድ ላይ መሆናቸውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ጥገኝነት የሥራው ሕግ እንጂ በአጋጣሚ በረድፎቹ ላይ የታየ መመሳሰል አይደለምና።

ከዚሁ ከዋጋ ጋር የተያያዘው ስህተት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚፈጸም ነው፤ ድግግሞሽ ያልሆነውን ድግግሞሽ ነው ብሎ መሰረዝ። ዋጋው በዋጋ ዝርዝሩ ሠንጠረዥ ስላለ በምዝገባው ላይ መድገም አያስፈልግም ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። እንግዳው በመስከረም ደውሎ ለጥምቀት በ1,500 ብር ተስማማ እንበል። በታኅሣሥ ባለቤቱ የበዓሉን ዋጋ ወደ 2,000 ብር ቢያሳድገው፣ ስምምነቱ ለብቻው ካልተጻፈ የእንግዳው ሂሳብ ሳይነገረው ይለወጣል፤ የአምናዎቹ ደረሰኞችም ከተከፈለው ገንዘብ ጋር አይገጣጠሙም። የዝርዝሩ ዋጋና ከእንግዳው ጋር የተደረሰበት ዋጋ አኃዛቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ናቸው። አጠራጣሪ ዓምድ ሲያጋጥም የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ነገር ነገ ቢለወጥ የትናንቱ ረድፍ አብሮ መለወጥ አለበት? አለበት ከተባለ፣ እንደ አስጎብኚው ስልክ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ የለበትም ከተባለ፣ እንደ ስምምነቱ ዋጋ፣ በየምዝገባው ይቀመጥ።

ቀንን በሁለት የዘመን አቆጣጠር መመዝገብ በአገራችን ሥርዓቶች ላይ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ድግግሞሽ ነው። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሚያስይዝ፣ ሠራተኛው ደግሞ በእኛ ስለሚሠራ፣ ሁለቱንም በሁለት ዓምዶች ማስቀመጥ አመቺ ይመስላል። ጥር 11 ቀን 2016 በጎርጎርዮስ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር፤ ጥር 11 ቀን 2017 ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ዋለ። ልዩነቱ የመጣው 2015 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት በመሆኑ ነው። አንዱ ቀን ከሌላው በስሌት የሚገኝ ስለሆነ አንዱን ብቻ መዝግቦ ሌላውን ለተጠቃሚው ሲታይ አስልቶ ማሳየት ይበቃል፤ ሁለቱ ከተጻፉ አንዱ ሲታረም ሌላው ሊረሳ ይችላል።

ስምን ቁልፍ ማድረግም መወገድ አለበት። የራሳቸውም የአባታቸውም ስም የሚመሳሰል ሰዎች ብዙ ናቸው። ከዚህም በላይ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ጐንደር» እና «ጎንደር» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስሙ በየረድፉ እየተጻፈ ከሄደ አንዱ ቦታ እንደ ሁለት ቦታ ይቆጠራል። ስሙ በቦታዎች ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ሌሎቹ ሠንጠረዦች ቁጥሩን ብቻ ይጥቀሱ። ይህን ማጣቀሻ የውጭ ቁልፍ (በሌላ ሠንጠረዥ ያለን ቁልፍ የሚጠቅስ ዓምድ) አድርጎ ማወጅም አይዘንጋ፤ ካልታወጀ ዳታቤዙ የሌለ ቦታ ቁጥር ሲገባ አይከለክልም።

አንዳንድ ድግግሞሽ ሦስተኛውን ኖርማል ፎርም አልፎም ይቀራል። አንድ አስጎብኚ ሦስት ቋንቋ የሚናገርና አራት ቦታ የሚያስጎበኝ ቢሆን፣ ቋንቋውና ቦታው በአንድ ሠንጠረዥ ሲጣመሩ አሥራ ሁለት ረድፍ ይፈልጋሉ፤ አንድ ቋንቋ ሲጨምር ሌላ አራት ረድፍ ይመጣል። ቋንቋውና ቦታው ግንኙነት ስለሌላቸው በሁለት ሠንጠረዥ ቢለያዩ ሰባት ረድፍ ይበቃ ነበር። ሮናልድ ፋጊን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው አራተኛው ኖርማል ፎርም የሚመለከተው ይህንን ነው። ሆኖም አንዳንዱ አስጎብኚ በፈረንሳይኛ የሚያስጎበኘው ፋሲል ግንብን ብቻ ከሆነ ሁለቱ ተያይዘዋልና መለየት መረጃ ያጠፋል፤ ይህንንም የሚያውቀው አስጎብኚው ራሱ ነው።

«ሠንጠረዥ ሲበዛ ፍጥነት ይቀንሳል» በሚል ፍርሃት ገና ከጅምሩ ሁሉን መልሶ ማዋሐድ ተገቢ አይደለም። ጥቂት ሺህ ረድፎች ላሉት ፔንሲዮን ይህ ሥጋት መሠረት የለውም፤ ዝግታ በእርግጥ ከታየም ለክተው ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) መጨመር ይቀድማል።

የድሮው ደብተር ሲገባ በመጀመሪያ ደረጃዎቹ፣ ክፍሎቹ፣ አስጎብኚዎቹና ቦታዎቹ፣ ቀጥሎ እንግዶቹ፣ በመጨረሻም ምዝገባዎቹና ምደባዎቹ ይጫኑ። ዳታቤዙ የማይቀበላቸው ረድፎች ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጋጩት ናቸውና ሳይጣሉ ለብቻ ተይዘው ለባለቤቱ ይቅረቡ፤ የትኛው ስልክ፣ የትኛው ክፍል ትክክል እንደሆነ እሱ ከወሰነ በኋላ ይግቡ።