ውል ላይ ያለች ምህጻረ ቃል እንዳትሸውዳችሁ

ድሬ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው፤ ውሉም እንደዚያው ቀለል ብሎ ሻይ እየተጠጣ ይፈረማል። እኔም እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ለዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ስከራይ እንደዚያ ነው የፈረምኩት። ከታች በኩል «ቅ/ክ 30,000 ብር» ይላል። እኔ ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ከኪራዩ ይታሰብልኛል ብዬ ሰጠሁ። ቤቱን ስለቅ አከራዬ «ቅጣት ክፍያ ነው እኮ፣ ከጊዜው ቀድመህ ወጣህ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ፍቺው የለም።

ስለዚህ ውል ሲሰጣችሁ መጀመሪያ እስክሪብቶ ያዙ። ነጥብና እዝባር ያለበትን ፊደል ሁሉ ክበቡት። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ከዚህ በኋላ እንዲህ እየተባለ የሚጠራ» የሚል ቦታ ፈልጉ። ካጣችሁ አትገምቱ፤ ሙሉ ቃሉ በሁሉም ቅጂ ላይ ይጻፍና ጎኑ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ከሌላ ውል የምታውቁትን ትርጉም ይዛችሁ አትምጡ። «ው/ሰጪ» (ውል ሰጪ) ኪራይ ላይ አከራይ ነው፣ ሽያጭ ላይ ሻጭ፣ ቤት ስታሠሩ ደግሞ አሠሪው እናንተ። ብድር ላይማ አበዳሪውም ተበዳሪውም «ው/ሰጪ» ተብሎ አይቻለሁ፤ ማን ለማን እንደሚከፍል የገባኝ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ቀንም እንዲሁ። «10/03/2017» ብሎ ዝም ያለ ውል በእኛ ኅዳር ነው፣ በፈረንጁ ማርች፤ በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ ይጻፍበት። «ተ.እ.ታ»ን (ተጨማሪ እሴት ታክስን) ሁሉም ያውቃል፣ ግን ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? በ100,000 ብር ላይ 15,000 ብር ነው ልዩነቱ።

በጅቡቲ ዕቃ የምታስገቡ ደግሞ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ኤፍ.ኦ.ቢ (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ብቻ የሚከፍልበት) እና ሲ.አይ.ኤፍ ፍቺያቸው ብዙ ጊዜ ውሉ ውስጥ የለም፤ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በሚያወጣው ኢንኮተርምስ በሚባለው የንግድ ቃላት ደንብ ውስጥ ነው ያለው። «ሲ.አይ.ኤፍ ጅቡቲ» ሲባል ሻጩ የመርከቡንና የኢንሹራንሱን እስከ ጅቡቲ ይከፍላል። ዕቃው ቢበላሽ ግን ጣጣው ወደ እናንተ የሚዞረው እዚያ በላኪው ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ከጅቡቲ ድሬ ያለውማ ወጪውም የእናንተው ነው። ኤፍ.ኦ.ቢ በኢንኮተርምስ ለመርከብ ጭነት ብቻ ነው፤ አሜሪካኖች ግን በራሳቸው የንግድ ሕግ ለመኪና ጭነትም ይጠቀሙበታል፣ ኃላፊነቱ የት እንደሚተላለፍም አጠገቡ በተጻፈው ቦታ ይወሰናል። ስለዚህ «በኢንኮተርምስ 2020 መሠረት» የምትል ሐረግ አስጨምሩ።

ነገሩ ከተካረረ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 አለ። ውሉ አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ለባለዕዳው በሚጠቅም መንገድ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ቅጽ ከሆነ ደግሞ ባዘጋጀው ላይ። (ጠበቃችሁ «ፍ/ብ/ሕ/ቁ» እና «ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ» ብሎ ሲጽፍ አንድ እንዳይመስላችሁ፤ የመጀመሪያው ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ነው።)

እኛ እዚያ ድረስ አልሄድንም። የውሉን ምስክሮች ጠርተን ቁጭ አልንና አከራዬ 15,000 ብር መለሰልኝ። አዲሱ ተከራይ ውሉን ሲያሳየኝ አሁንም «ቅ/ክ» ይላል።