ድንገት መርዶ ሲመጣ እምነታችሁን እንዴት ትይዛላችሁ

የታላቅ ወንድሜን ሞት የሰማሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ስልክ ተደወለ አነሳሁት በቃ። እኛ ጋ መርዶ ወግ አለው፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል በር ያንኳኳል፣ ባለቤቱ ሲሰማ የሚደግፈው ሰው እንዲኖር ነው። አሁን ግን ስልኩም ፌስቡኩም ይቀድማል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ መጀመሪያ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ቅመሱ፣ ለሚቀርባችሁ ሰው ደውሉና ና በሉት። እኔን አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሙስሊም እናት ናቸው እጄን ይዘው አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ እያሉ ኮምቦልቻ ያደረሱኝ፣ እግዜር በሳቸው በኩል እንደያዘኝ ነው የማምነው።

ያን ሰዓት ረጅም ጸሎት አይመጣላችሁም። እኔ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መሀሉ ጠፋኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት! እግዚኦ ማለት ብቻ ከቻላችሁ እሱን በሉ፣ ይበቃል።

ከዛ አልቅሱ። ለቅሶ ቤት መጥቶ "ክርስቲያን አያለቅስም" የሚል ሰው አለ፣ አትስሙት በናታችሁ። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ 11፥35)፣ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላላቸውም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ "ምን በድዬ ነው" የሚለው ነው፣ እኔን ከሀዘኑ እኩል ያደቀቀኝ እሱ ነው። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ጌታ ሲናገር ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ አይደለም ብሏል። እሱን አንብቡ፣ ደጋግማችሁ። ከተናደዳችሁም ንዴቱን ለራሱ ለእግዜር ንገሩት፣ ዳዊት መዝሙር 12 ላይ (13 የሚለው መጽሐፍ ቅዱስም አለ) "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሏል እኮ፣ እና ይሄ ጸሎት ነው። እኔ የምፈራው የሚያማርረውን ሰው ሳይሆን ጭራሽ ዝም ያለውን ነው፣ ማማረር እሱን ማናገር ነውና።

ቅሬው (እድሩ ማለት ነው) ሲመጣ እሺ በሉ። ንፍሮውን ይቀቅሉ፣ ድንኳኑን ይትከሉ፣ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ይቀመጥ፣ እናንተ መጸለይ ሲያቅታችሁ ሌላው ይጸልይላችኋል። ለማስተዛዘን የምትሄዱ ደግሞ የኢዮብን ጓደኞች አስቡ፣ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፣ የተበላሸው ምክንያቱን ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ዋናው ከባድ ጊዜ ግን ከሰልስት በኋላ ነው፣ ድንኳኑ ተነስቶ ሰው ወደ ስራው ሲመለስ፣ እምነት የሚላላው ያኔ ነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ያዙ፣ ጠዋት አንድ መዝሙር በቃ፣ ቢሰማችሁም ባይሰማችሁም። የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱና እንዳለ ንገሯቸው፣ ለ40ው የሟቹን ክርስትና ስም ስጧቸው። ብድር ተበድራችሁ ትልቅ ተዝካር አትደግሱ፣ እዳ በሀዘን ላይ መጨመር ነው፣ ለነዳያን የምትችሉትን አብሉ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለ ወይም ሞት ሞት ካላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ጸበልም ሐኪምም ይሄዳል፣ እምነት ማነስ አይደለም።

እኔ ቅዳሴ መግባት አቅቶኝ ወር ያህል መድኃኔዓለም ግቢ ዛፍ ስር እየተቀመጥኩ ድምጹን ብቻ እየሰማሁ እመለስ ነበር። አንድ እሁድ ሳላስበው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ሲባል አፌ አብሮ አለው፣ ተነስቼ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ።