ከጋለሪ የጠፉት ፎቶዎች ካርዱ ላይ ነበሩ

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ በአንድሮይድ 2.3 የሚሠራ አሮጌ ስልክ አላት። ሰሞኑን ጋለሪው ባዶ ሆነባት፤ የሠርጉም የጦሳ ተራራም ፎቶ የለም። «ፎርማት አድርጊው» ያሏት ነበሩ፤ እንኳንም አልሰማቻቸው። ሴቲንግ ገብቼ ሳይ ሜሞሪ ካርዱ እንደ ድሮው ጢም ብሏል። ፋይሎቹ አሉ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋለሪ ካርዱን ራሱ አይፈትሽም፤ ሚዲያ ስካነር (ፎቶና ዘፈን እየፈለገ የሚመዘግብ የስልኩ ፕሮግራም) የመዘገበውን ብቻ ያሳያል። ስካነሩ ደግሞ ከፊቱ ነጥብ ያለበት «ኖሚዲያ» የሚባል ፋይል ያገኘበትን ፎልደር፣ ውስጡ ካሉት ጋር ጠቅልሎ ያልፈዋል። ደሴ ፒያሳ ዘፈን ስታስጭን ይሄ ፋይል አብሮ ተገልብጦ ካርዱ ላይ፣ ከፎልደሮቹ ሁሉ ውጭ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ስካነሩ ካርዱን በሙሉ አለፈው። ያስጫነችው ዘፈንም በማጫወቻው አለመታየቱ ለዚህ ነበር። ይዘቱ ዜሮ ባይት ነው፤ ጉዱ ግን ይሄን ያህል!

ካርዱን በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ስልኩ ላይ በነጥብ የሚጀምር ስም አብዛኛውን ጊዜ ይደበቃል፤ ዊንዶውስ ግን በነጥብ ምክንያት አይደብቅም። መጀመሪያ ፎቶዎቹን በሙሉ ገለበጥኩ፣ ከዚያ ያንን ፋይል አጠፋሁ። ካርዱ ስልኩ ውስጥ ሲመለስ ስካነሩ በራሱ ተነሳ፤ ትንሽ ቆይቶ ፎቶው ሁሉ መጣ።

እግረ መንገዴን የካሜራው ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ያበጠውን የትንንሽ ምስሎች (የፎቶዎቹ ትንንሽ ቅጂዎች) ማከማቻ አጸዳሁ። ጋለሪው መልሶ ይሠራዋል፣ ማጽዳቱም ዋናዎቹን ፎቶዎች አይነካም። ቦታ ለጠበበበት ካርድ ጥሩ ትንፋሽ ነው።