የድሮ ቮልስዋገን ሞተር ከመፈታቱ በፊት
የድሮ ቮልስዋገን ያላችሁ ወገኖች፣ ሞተሩ ዘይት ስለበላ ወይም ጉልበቱ ስለቀነሰ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይፈታ ወይም በሌላ ይቀየር ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን አስለኩ። የመጀመሪያው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ሞተሩ ሞቆና አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው ሲለካ አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ፣ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል፤ ልኬቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ ካልተለወጠ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቫልቩ ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ክራንክሻፍቱን ከያዘው የሞተሩ ዋና አካል ተነጥለው የሚወጡ በመሆናቸው፣ ሁለቱንም ችግሮች ዋናውን አካል ሳይከፍቱ መጠገን ይቻላል። ይህን ባለማወቅ ስንት ጤነኛ ሞተር እንደሚፈታ ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ።

ሁለተኛው፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በመግፋትና በመሳብ የሚለካው፣ የክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጨዋታ ነው፤ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሞተሩን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የሞተር ቁጥር የተቀረጸበት ዋናው አካል በሌላ እንዳይተካ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር የሚመሳከር ነውና።